የለቅሶ ቤቱ ቀይ መብራት

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ነው። ብዙ ጉድ አይቻለሁ፣ ብዙውንም ረስቼዋለሁ። ይሄኛውን ግን ልርሳው ብልም እናቴ አታስረሳኝም፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ሰሚራ እባላለሁ። ትውልዴ ደሴ ነው፤ የምኖረው ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ውስጥ ከእናቴ ጋር ነው። ሥራዬ ፍሳሽ ነው። አዎ፣ የሽንት ቤትና የማጠቢያ ፍሳሽ! ከከተማው ወጣ ብለው ባሉ ትንንሽ መንደሮች እየዞርኩ የፍሳሽ ታንከሮችንና ፓምፖችን እፈትሻለሁ፣ ሲበላሹም እጠግናለሁ። ዛሬ በድፍረት እጽፈዋለሁ እንጂ፣ ለአራት ዓመት ያህል በኛ ሰው ፊት አፌን ሞልቼ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ሥራውን የጀመርኩ ጊዜ ለእናቴ ስነግራት በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «ያረቢ! ባሕር ተሻግረሽ መጥተሽ ሽንት ቤት?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዬ ላወራት በጀመርኩ ቁጥር «ምግብ ላይ ነን» ትለኛለች። ምግብ ላይ ባንሆንም ምግብ ላይ ነን። ለወዳጅ ለጎረቤቱ ደግሞ «ቢሮ ነው የምትውል፤ የውሃ ኢንጂነር ናት» ብላ አስወራች።

እኔም ዝም አልኩ። ጥፋቱን ሁሉ በእሷ አላላክክም፤ እኔም አፍሬ ነበር። ከሥራ ስመለስ ማደያ ሽንት ቤት ገብቼ ልብሴን እቀይራለሁ። ቦት ጫማዬና ጓንቴ ከመኪናዬ ትራንክ፣ ከትርፍ ጎማው ጎን፣ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልለው ያድራሉ። የቤታችንን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም ነበር።

ከኛ ሰው ምስጢሬን የሚያውቁት ጋሽ ንጉሤ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ጋሽ ንጉሤና ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ስካርቦሮ ለብዙ ዓመት የአንድ ፎቅ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። እነሱ ክርስቲያን፣ እኛ ሙስሊም፤ በዓል ሲሆን ሥጋው ለየብቻ፣ ጨዋታው አንድ ላይ ነበር። ጋሽ ንጉሤ «ታክሲ መንዳት በቃኝ» ብለው ጡረታ ሲወጡ፣ ከቶሮንቶ በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ ሐይቅ ዳር ባለች መንደር ትንሽ ቤት ገዝተው ገቡ።

መንደሯ ሃምሳ ቤት ቢኖራት ነው። እያንዳንዱ ቤት ፍሳሹን ግቢው ውስጥ በተቀበረ አሮጌ ታንከር ያጠራቅም ነበር። ታንከሮቹ አርጅተው ወደ ሐይቁ ማፍሰስ ሲጀምሩ ነዋሪዎቹ መላ ፈልጉ ተባሉ። እንደ ቶሮንቶ ያለ ትልቅ የፍሳሽ መስመር እንዘርጋ እንዳይሉ፣ መሬቱ አለት ነው፤ ያን ሁሉ አለት በጥልቀት መቆፈር ለሃምሳ ቤት የማይታሰብ ነው።

የምሠራበት ኩባንያ ሌላ ዘዴ ሊያስረዳቸው ስብሰባ ጠራ። እኔም የቱቦ ናሙና ተሸክሜ፣ ያንን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ ገባሁ። ቀና ብል ጋሽ ንጉሤ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ስብሰባው ሲያልቅ ጠጋ አሉና «ነይ እስቲ፣ አንቺ በአማርኛ አስረጂኝ። እነዚህ ሰዎች ነገር ያበዛሉ» አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ለየቤቱ ውሃ የማያሳልፍ አዲስ ታንከር ይቀበራል። ወፍራሙ ቆሻሻ እዚያው ታንከር ውስጥ ይቀራል። ቀጭኑ ውሃ ብቻ በማጥለያ አልፎ፣ በትንሽ ፓምፕ እየተገፋ፣ ከክንዴ በማይወፍር ቱቦ ወደ መንደሩ ማጣሪያ ይሄዳል። ቱቦው ውርጭ እንዳያገኘው ያህል ብቻ ይቀበራል እንጂ ጥልቅ ቁፋሮ አይፈልግም፤ ዳገት ቁልቁለቱን ተከትሎ ይሄዳል። ታንከሩ ውስጥ የቀረውን ደግሞ በጥቂት ዓመት አንድ ጊዜ መኪና መጥቶ ይመጠዋል።

ጋሽ ንጉሤ ጥቂት አሰቡና «እንደ ጠላ ነው በይኛ! አተላው ጋን ውስጥ ይቀራል፣ ቀጭኑ ይቀዳል» አሉ። እኔ ጠላ ቀምሼ ባላውቅም፣ ይህን ነገር ከዚያ አሳጥሮ ያስረዳ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

መንደርተኛው ተከራከረ። በተለይ ዳግ የሚባል የጋሽ ንጉሤ የአጥር ጎረቤት «ይበላሻል፣ ሽታው ይፈጀናል» ብሎ አስቸገረ። ጋሽ ንጉሤ ከቤት ቤት እየዞሩ አሳመኑና ታንከሮቹ ተቀበሩ። ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሠራ። ስለ እኔ ጉዳይ «ጋሼ፣ እናቴ ዘንድ…» ብዬ ስጀምር «እኔ ምን አየሁ?» ብለው አለፉት፤ ከዚያ በኋላ አንስተነው አናውቅም።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ንጉሤ ድንገት አረፉ። ሐሙስ ተቀበሩ፣ ቅዳሜ ሰልስታቸው ዋለ። እናቴ ከሐሙስ ጀምራ ከእትዬ በላይነሽ ጎን አልተለየችም። እኔ የጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ፣ እንደ ልማዴ ማደያ ቆሜ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሼ ሻሽ አሥሬ ስድስት ሰዓት ገደማ ደረስኩ።

ሰው ቢባል ሰው ነው እንዴ! ከስካርቦሮ፣ ከኢስት ዮርክ፣ ከብሉር አካባቢ መኪና እየተጋራ ያልመጣ የለም። ለሁለት ሰው የተሠራች ቤት ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው ተቀምጧል። የእድሩ ሴቶች ማጀቱን ይዘው ድስት በድስት ላይ ያጥባሉ፤ ሙቅ ውሃው ለአፍታ አይዘጋም። እናቴ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንዲበላላት ብላ ትልቅ ድስት ምስር ወጥ ሠርታለች። ወንዶቹ ከታች ቤዝመንት፣ ሴቶቹ ሳሎን፣ የተረፈው ግቢ ነው።

እትዬ በላይነሽን አቅፌ አለቀስኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገባሁ። ውሃውን ስለቀው ወደ ታች በመሄድ ፈንታ ተጉረበረበና ቀስ እያለ ሽቅብ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን «ሞልቷል መሰለኝ» ብሎ ይወጣል፤ እኔ ግን ከታንከሩ እየተመለሰ እንደሆነ ገባኝ።

ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። የገላ መታጠቢያው ወለል ላይ ቆሻሻ ውሃ ማቆር ጀምሯል። ከግድግዳው ወዲያ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው፣ የጋሽ ንጉሤን ፎቶ ከበው ተቀምጠዋል። ያ ውሃ አንድ ጣት ከፍ ካለ በበሩ ሥር አልፎ እግራቸው ሥር ይደርሳል።

ሮጬ ወጣሁና በቤቱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ያለውን የፓምፑን ሳጥን አየሁ። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞላ ቀይ መብራት ይበራል፣ አላርምም ይጮሃል። ቀዩም የለ፣ ጩኸቱም የለ፤ ድርግም ብሏል። ዳግ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ አየኝና «በጠዋት ሲጮህ ነበር። ድንገት ዝም አለ። አስተካክላችሁት መስሎኝ» አለኝ። ማንም አላስተካከለውም ነበር። የሆነ ሰው መብራቱን አጥፍቶበታል፤ መብራት ከሌለ ደግሞ ፓምፕ የለም።

ተረኛ የሥራ ባልደረባዬን ኮል አደረግኩት። ሌላ መንደር ሥራ ላይ ነው፤ «ከሦስት ሰዓት በፊት አልደርስም» አለኝ። እኛ ግማሽ ሰዓት አልነበረንም።

እውነቱን ልናገር፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ። ጥቁር ቀሚሴን አየሁ፣ በረንዳ ላይ የቆመውን ሰው አየሁ። «አላወቅሁም፣ አላየሁም» ብዬ ዝም ብል ማን ይጠይቀኛል? ግን ደግሞ የዚያን ሰው ሰልስት «ቤቱ ፍሳሽ ገብቶበት፣ አፍንጫችንን ይዘን ተበተንን» እየተባለ በየቤቱ ሲወራ ታየኝ። እትዬ በላይነሽ ባላቸውን ባሰቡ ቁጥር ያንን ሊያስቡ ነው! «አይሆንም!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን። ወጥቼ ትራንኩን ከፈትኩ።

መጀመሪያ ማጀት ገባሁና «ውሃውን ዝጉ! ሽንት ቤትም ማንም እንዳይገባ!» አልኩ። የእድራችን ጸሐፊ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የያዙትን ጭልፋ እንደያዙ ዞረው «አንቺ ደግሞ ማን ነሽና ታዢናለሽ?» አሉኝ። ቧንቧውን ራሴ ዘጋሁት።

ቦቴን ሳጠልቅ እናቴ ደረሰች። አንጓዬን ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ «ኧረ በአላህ! ይህ ሁሉ ሰው እያየሽ?» አለች።

«እማ፣ ይህ ሁሉ ሰው በፍሳሽ ይጥለቅለቅ?»

«ሌላ ሰው ይጠራ!»

«ሌላው ሰው እኔ ነኝ» አልኳትና እጄን አስለቀቅኩ።

ቀሚሴን ወገቤ ላይ ቋጠርኩት። የታንከሩን ክዳን ብሎኖች ፈትቼ ከፈትኩት። ሽታው ወጣ፤ ሊወጣ ግድ ነው። በረንዳ ላይ የነበሩት ሁሉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጫኑ። ውሃው ከቤት የሚመጣውን ቱቦ አልፎ ወጥቷል። «በጠዋት ይጮህ የነበረውን ነገር ያጠፋው ማን ነው?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ።

 ከዚያ ከኋላዬ በጣም ቀጭን ድምፅ መጣ። «እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «ሰው እያለቀሰ እሱ ይንጫረራል። በለቅሶ ቤት ነውር አይደለም? የወጡ ጭስ ያስጮኸው መስሎኝ… ቤዝመንት ወርጄ የመብራት ሳጥኑን ማብሪያዎች አንድ በአንድ አጠፋፋሁ። ዝም ሲል ተውኩት።»

እናቴ ናት! ደሜ ፈላ። ያ ጩኸት «ማጥለያዬ ተደፍኗል፣ ድረሱልኝ» ማለት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ «ምግብ ላይ ነን» ባትለኝ ኖሮ አንድ ቀን ነግሬያት ታውቀው ነበር። ይህንኑ ልላት ዞርኩ። ፊቷ ግን ዐመድ መስሏል፤ ሻሽዋ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ እንኳ አላስተካከለችውም። ምላሴ ጫፍ የደረሰውን መልሼ ዋጥኩት።

«እማ፣ ስሚኝ። ያጠፋሽው አንቺ ነሽ፤ የምታበሪውም አንቺ ነሽ። ውረጂና ማብሪያዎቹ ጋ ቁሚ። ማጥለያውን አጽድቼ ‹አሁን› ስልሽ ሁሉንም ትመልሻቸዋለሽ።»

ወዲያው ወረደች። ከቤዝመንቷ ትንሽ መስኮት ፊቷ ብቅ አለ፤ እኔና እሷ በዚያች መስኮት እንተያይ ነበር።

የፓምፑን ማጥለያ መዝዤ ሳወጣው ቅባት በቅባት ሆኗል። ሙቅ ውሃ የድስቱን ቅቤና ዘይት አጥቦ ይወስደዋል፤ ቀዝቃዛው ታንከር ውስጥ ሲገባ ይረጋና ማጥለያውን ይደፍነዋል። የግቢውን የውሃ ጎማ ጎትቼ፣ እዚያው ታንከሩ አፍ ላይ እየመለስኩ ማጠብ ጀመርኩ። ቶሎ የሚለቅ ነገር አልነበረም። እጄ እስከ ክርኔ፣ ቀሚሴም እንዳይሆን ሆነ።

በዚህ መሃል ዳግ፣ ያ «ይበላሻል» እያለ ሲከራከር የነበረው ሰው፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና «ሽንት ቤት የፈለገ በኔ ቤት ይጠቀም» አለ። የኛ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ተሰለፉ። ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን በረንዳው ላይ እያወለቁ ገቡ። ዳግ ያን ሁሉ ጫማ ቆሞ ሲያይ ምን እንዳሰበ አላህ ይወቅ፤ በሩን ግን እስከ መጨረሻው ይዞላቸው ቆመ።

ድንገት ሰዉ መንገድ ከፈተ። እትዬ በላይነሽ በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ። ሐዘንተኛ ከተቀመጠችበት አትነሳም፤ «ግቡ፣ ኧረ ግቡ፣ ነውር ነው» የማይላቸው የለም። ወይዘሮ ጥሩወርቅም «ልጅቷ ምን እየሠራች ነው? ሰው ይጠራ እንጂ» ይላሉ።

እትዬ በላይነሽ በዚያ ባለቀሰ ድምፃቸው «ተዉአት» አሉ። «ሥራዋ ነው፤ ታውቀዋለች። ንጉሤ ‹ሰሚራ እያለች ይህች መንደር አትሸትም› ይለኝ ነበር። ስሟን ለጎረቤቱ ሁሉ በኩራት ነበር የሚጠራው። ለእናቷ ብለን ነው ቶሮንቶ ላይ ያላወራነው።»

እኔ ቀና ያልኩት ወደ እሳቸው አልነበረም፤ ወደ መስኮቷ ነው። እናቴ ሰምታለች። ዐይኗን አላሸሸችም፤ እኔም አላሸሸሁም። ማጥለያውን ወደ ቦታው መልሼ ገጠምኩና በሙሉ ድምፄ «አሁን!» አልኩ።

ፓምፑ ሲነሳ ተሰማኝ። ወዲያው ደግሞ ቀዩ መብራት ቦግ አለና አላርሙ ግቢውን አቀለጠው፤ በረንዳ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ክው አለ። ከመስኮቷ «ደግሞ ምን አጠፋሁ?» የሚል የእናቴ ጩኸት መጣ። «ምንም አላጠፋሽ! ውሃው እስኪጎድል ነው!» አልኳት። ድምፁን የሚያቆመውን ቁልፍ ተጫንኩትና ዝም አለ። ፓምፑ ግን መሥራቱን ቀጠለ።

ውሃው እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄደ። ቤዝመንት ያቆረውም መልሶ ተመጠጠ። አንድም ጠብታ በበሩ ሥር አላለፈም። ቀዩ መብራት ሲጠፋ ካህኑ ገና ከመኪናቸው እየወረዱ ነበር፤ የሆነውን ሳያውቁ ገብተው ጸሎታቸውን አደረሱ። እኔ ከእናቴ ጋር ያንን መታጠቢያ ቤት ተንበርክከን ስንፈገፍግ የጸሎቱ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማን ነበር። 

ወደ ቶሮንቶ ስንመለስ ሃይዌይ ገባን። ከዚያ ወደ ውጭ እያየች «እዚያ ማጥለያ ላይ የነበረው ቅባት… የኔ ምስር ወጥ ዘይት ነው?» አለችኝ።

«ያንቺም አለበት።»

ወደ እኔ ዞረችና «ታዲያ ዘይት እንደማይደፋ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«ምግብ ላይ ነበርን» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች፤ ወላሂ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። «ሰው እያወቀ፣ ለኔ ብሎ ዝም ብሎኛል። እኔ ግን የገዛ ልጄን…» አለችና አልጨረሰችውም። «አብሽሪ፣ እማ» አልኳት። እኔም እያለቀስኩ ስለነበር መንገዱ በደንብ አልታየኝም፤ ቀስ ብዬ ነዳሁ።

የጋሽ ንጉሤ አርባ የወጣ ዕለት በረዶ ጥሎ ነበር። እናቴ ገና በጠዋት ማጀት ገብታ ማጠቢያው ፊት ቆማለች። በአንድ እጇ የወረቀት ጥቅል ይዛለች፤ ቅባቱ በወረቀት ሳይጠረግ አንድም ድስት ውሃ አይነካም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እያሾፉ «ሰሚራ የቢሮ ኢንጂነር ናት ስትይን አልነበር?» አሏት።

በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። እናቴ ዞር እንኳ ሳትል «ዋሽቼ ነው» አለች። «ልጄ የፍሳሽ ሠራተኛ ናት። አንቺ ይልቅ ያን ድስት በወረቀት ጥረጊ፤ ታንከሩን የምትከፍተው የኔ ልጅ ናት።»

አሁን ከሥራ ስመለስ ማደያ ቆሜ ልብስ አልቀይርም። እንደለበስኩ ባስ የሚጠብቀው ያገሬ ሰው እያየኝ ሕንፃችን እገባለሁ፤ ያፈረ ይፈር። ቦቴም ትራንክ ውስጥ አያድርም፤ በራችን ሥር፣ ከእናቴ ነጠላ ጫማ ጎን ነው የሚያድረው። ሠርቼ ደክሞኝ እንደቆሸሸ ጥዬው እተኛለሁ። ጠዋት ስነሳ ታጥቦ አገኘዋለሁ።